መስኮቱን ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል

የልጅ ልጄ በዕድሜ የምትበልጠውን መኪና ገዛ። አሮጊት አያት እያለው አሮጊት መኪና ምን እንደሚያደርግለት እሱ ይወቅ። ባለፈው ሳምንት ኤሲዋ ትኩስ ትንፋሽ ብቻ ስትተፋበት ጋዝ ሊያስሞላላት ወሰዳት። ሲመለስ እኔን እንደ ሙሽራ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ አራቱንም መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘጋ።

«እማማ፣ እስቲ ቅዝቃዜውን አጣጥሚው!»

«መስኮቱን ክፈተው» አልኩት።

«ጋዝ ያስሞላሁት እኮ ላንቺ ብዬ ነው!»

«ክፈተው አልኩህ።»

መስኮቱን ከፈተና ፊቱን ዘጋ። ብርድ የምፈራ መስሎታል። በልቡም «ይቺ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች አሮጊት ስለ ኤሲ ምን ታውቃለች» ሳይል አልቀረም። እውነቱን ነው፣ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት እናቱ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከጎኗ ተቀምጬ በሷ እርሳስ ነው። ስለ መኪና ኤሲ ግን ከሱ አልማርም። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ኤሲ የጠገብኩ ሰው ነኝ።

አባቴ ሹፌር ነበር። የምንኖርበት ከተማ ዶሮዋ እንቁላሏን ቀቅላ ነው የምትጥለው እየተባለ የሚቀለድበት፣ ሙቀቱ ሰው የሚያቀልጥ ከተማ ነው። የአባቴ መኪና ያኔም አሮጌ ነበረች። በሯ በሽቦ ይታሰራል፣ የኋላ ወንበሯ ሆዱን ዘርግፏል፣ ጥሩንባዋ የሚጮኸው ደስ ሲላት ነው። አንድ ነገር ግን ነበራት፤ ኤሲዋ ይሠራል። በሯ ላይ «ቀዝቃዛ አየር አለ» የሚል በነጭ ቀለም ተጽፎባታል። ማንበብ ባልችልም የጽሑፉን መልክ እንደ ዘመድ ፊት አውቀው ነበር። አባቴ ተራ ሲይዝ ሌሎቹ ሹፌሮች «ክረምት መጣላችሁ!» እያሉ ያፌዙበታል፣ ተሳፋሪው ግን የነሱን አዲስ መኪና ትቶ እሱ ላይ ይጫናል። ቀስ በቀስ ስሙ ክረምት ሆኖ ቀረ። ክረምት ደግሞ ኩራቱ ኩራት ነበር። ኤሲዋ ያልሠራ ቀን መኪናዋን ከግቢ አያስወጣም። «ያለ ኤሲ መንዳት ሰው መጥበስ ነው» ይላል። ከነሙቀቱ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይውላል እንጂ በሱ መኪና የሰው ግንባር አያልብም።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የፊት ወንበር የኔ ነው። ትራስ ይነጠፍልኝና ዙፋኔ ላይ እወጣለሁ። ሥራዬ ሁለት ነው፤ መስታወት መወልወልና ጨዋታ መጫወት። ጨዋታው «ፊት ምን አለ?» ይባላል። አባቴ እየነዳ፣

«ፊት ምን አለ፣ ዓይኔ?» ይለኛል።

«ጋሪ። በቀኝ በኩል።»

«ጎበዝ! ከጋሪው ወዲያስ?»

«መብራት። ቀይ ነው።»

«ከመብራቱ በፊት የሚሻገር ሰው አለ?»

«አንዲት ሴት፣ ባልዲ የያዘች።»

በትክክል ከመለስኩ የአየር ማውጫውን ወደ ፊቴ ያዞርልኛል። መስኮት ልከፍት ከሞከርኩ ደግሞ «መስኮቱን ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል» ይላል። ከኋላ የሚቀመጡት ተሳፋሪዎች አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡናል። አንዲት ወፍራም ነጋዴ «እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል? መንገድ ላይ እንኳ ልጁን ያስተምራል!» ብላ ከንፈሯን መጥጣለች። አባቴም «ጭንቅላቷ እንዳይዝግ ብዬ ነው» አላት። ሴትዮዋ በዚያን ቀን ነፍሷን ማን ይዞላት ቤቷ እንደገባች ብታውቅ ኖሮ፣ ዓመቱን ሙሉ በእግሯ ትሄድ ነበር።

አባቴ አያይም ነበር። ጨርሶ አይደለም፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ተለቅ ያለ ነገር ይታየዋል። የቀረው ጉም ነው። ያንን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው የሰፈሩ ብልህ ልጅ እኔ መሆኔን ነው። «ዓይኔ» ሲለኝ ቁልምጫ መስሎኝ ነበር። ለካ የሥራ መደቤ ኖሯል።

ምልክቱ ሞልቶ ነበር፤ ልጅ ግን ያየውን በራሱ ልክ ይሰፋዋል። አንድ ቀን እናትና አባቴ ጓዳ ሆነው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው? ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ አላለህም?» ትላለች እናቴ።

«ሐኪም ምን ያውቃል! መስታወቱ ነው የደፈረሰው።»

ሐኪም የመኪና መስታወት ማየት መጀመሩ ቢገርመኝም፣ ነገሩ የኔን ሥራ የሚነካ ሆኖ አገኘሁትና ከፋኝ። በማግስቱ ጋዜጣ በውኃ ነክሬ ያንን መስታወት ግማሽ ቀን ፈተግኩት። አባቴ ገብቶ ተቀመጠ፣ ወደ ፊት አፈጠጠ፣ «አሁን ጠራ» አለ። ኩራቴ ሌላ ነበር።

በዚያ ሰሞን የመኪናዋ ጋዝ ማለቅ አበዛ። ከዓመት ዓመት ትቆይ የነበረችው በሳምንት ባዶ ትሆናለች። ጋዝ የሚሞላልን መካኒክ በረዶ ይባላል። ስሙ ሥራውን ነው እንጂ ጠባዩን አይመስልም፤ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ሁሌ የሚያልበው ሰው ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ቀይና ሰማያዊ ቱቦ ያገጣጥማል፣ ሁለት መርፌ ያለው የግፊት መለኪያ ጌጁን ያንጠለጥላል፣ የጋዙን ሲሊንደር ለብ ያለ ውኃ ባልዲ ውስጥ ያቆመዋል። ከዚያ አባቴ ሞተሩን ያስነሳል። ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» ይልና ይይዛል፣ መርፌዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀጭኑ ቱቦ ቀስ በቀስ ማላብ ይጀምራል።

«ላብ ጀመራት» ይላል በረዶ። «እሷ ስታልብ እኛ እንደርቃለን።»

ቀጥሎ የፂም ብሩሹን በሳሙና አረፋ ነክሮ መጋጠሚያውን ሁሉ ይቀባል። ጋዝ የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ያብጣል ማለት ነው። አንድም አላበጠም።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና አታፈስም» አለ በረዶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ።

«ታዲያ ጋዙ በእግሩ ሄደ?»

«እኔ እንጃ። ጸበል ይረጭባት።»

እናቴ ለመካኒኩ ውኃ ይዛለት ወጣች። ጠቋሚ ጣቷ በጨርቅ ታስሯል። ለኔ «ድስት አቃጠለኝ» ብላኛለች። በረዶ ብርጭቆውን ሲቀበል ጨርቁ ሸርተት አለና ጣቷ ታየ፤ ጫፉ ነጭ ሆኖ ተልጧል። በረዶ ጣቷን አየ፣ የራሱን ጣት አየ። የሱም ጣት እንደዚያው ያለ ጠባሳ ነበረበት።

«እትዬ፣ ይሄ የድስት አይደለም» አላት በቀስታ።

«የድስት ነው» አለች እናቴ።

«እሺ፣ የድስት ይሁን። ለወደፊቱ ግን ድስቱን በወፍራም ጨርቅ ያዢው።»

ይኼን ስሰማ ሰውዬው ስለ ምግብ ማብሰል ምን አገባው ብዬ ናቅሁት። ጋዝ አምልጦ ሲወጣ እንደ እሳት ቆዳ እንደሚልጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ዓይኔ ሥር እየተነጋገሩ ነበር። የሰፈሩ ብልህ ልጅ ደግሞ አፍንጫዋን እየጎረጎረች ቆማለች።

እናቴ በዚያው ሳምንት ሌላ ጉድ አመጣች። ትምህርት ቤት አስመዘገበችኝ። ሰማያዊ ጨርቅ አምጥታ ዩኒፎርም ሰፋችልኝ፣ ከተረፈው ደግሞ የደብተር ቦርሳ። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል አለች። ለእኔ እስር ቤት እንደመግባት ነበር።

«አባዬ፣ ትምህርት ቤት ኤሲ አለው?» አልኩት።

«ምን ኤሲ አለው! ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሰባ ልጅ እየላበ።»

«ታዲያ ለምን እሄዳለሁ?»

«እናትሽን ጠይቂያት» አለኝ። እናቴን አልጠየቅኳትም። የእናቴን ነገር ለብቻዬ ፈርጄ ጨርሻለሁ፤ ቀንታብኛለች። እኔ ከኤሲ ፊት ስቀመጥ እሷ ከምድጃ ፊት ትቆማለች፤ አንድም ቀን በዚያች መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ስለዚህ ከዙፋኔ አውርዳ ልትቀመጥበት ነው። የስምንት ዓመት ዳኛ ይግባኝ የለውም።

ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ሰው ሳይነሳ፣ ሽንቴ ቀሰቀሰኝና ወጣሁ። ከመኪናዋ በኩል «ሽሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እባብ መስሎኝ ድንጋይ አነሳሁ። እባቧ እናቴ ነበረች። ኮፈኑን ከፍታ፣ እጇን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ፣ የፀጉር መርፌዋን የጋዙ መሙያ ቫልቩላ ውስጥ ሰክታ ትጫናለች። ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር በጣቶቿ መሀል ይወጣል። የኔ ቅዝቃዜ ነው እንግዲህ፣ ዓይኔ እያየ ለሰማይ የሚሰጠው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ክው አለች። ቶሎ ብላ ራሷን ያዘችና፣ «ሆዷ ተነፍቶ ነው፣ እያስተነፈስኳት» አለች። ሳልስቅላት ስቀር ቁጭ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

«ስሚኝ እናቴ። ሰኞ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ። እስከዚያ ይቺ መኪና ከዚህ ግቢ አትወጣም። ከዚያ በኋላም አንቺን ይዛ አትወጣም። ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ስትገቢ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

ኮፈኑን ሳትዘጋው ነግሬው ነበር።

አባቴ ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጦ ወደ እግሮቹ አጎነበሰ። «በፀጉር መርፌ?» አለኝ። «በፀጉር መርፌ» አልኩት። ፈገግ አለ፤ እንደሚያውቅ ሰው ፈገግታ። ዛሬ ሳስበው ያውቅ ነበር ባይ ነኝ። ጋዟ ባለቀ ቁጥር «አይ ይቺ መኪና!» እያለ ቤት መዋሉ ለሱም እፎይታ ነበር። ዓይኑን ሳያማ መኪናዋን እያማ፣ እሷም እሱን ሳታዋርድ ጋዙን እያዋረደች፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። እኔ ግን ምስክር ሆኜ መጣሁ። ምስክር የቆመበት ወንድ ደግሞ ዝም ብሎ ቤት አይውልም።

ቅዳሜ በረዶ ተጠራ። ሲሊንደሩን ባልዲ ውስጥ አቆመ፣ ቱቦዎቹን ገጠመ፣ ከዚያ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን እናቴን ቀና ብሎ አያት። እናቴ ፊቷን አዞረች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ብመጣ ምን ይመስልሃል? መርፌው ልክ አይደለም።»

«አሁን ሙላት።»

ሞላት። እንደዚያን ቀን ቀዝቅዛም አታውቅ፤ ከአየር ማውጫው ጭጋግ ይወጣ ነበር። አባቴ ኮፈኑን በሰንሰለት ጠርንፎ ቆለፈና ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቴ ላይ አሰረው። ከዚያ በኋላ ማን ይናገረኝ! እሑድን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ በእናቴ ፊት ተመላለስኩ። እሷ የዩኒፎርሜን ጠርዝ ትጠልፍ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። እናቴ አጠበችኝ፣ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ሰማያዊውን ዩኒፎርም አለበሰችኝ። ቁልፉ ከሥሩ አንገቴ ላይ አለ። ቦርሳውን ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ሮጬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። አባቴ መሪው ላይ ነበር።

«እናትሽ ፈቀደች?»

«አዎ» አልኩ። ውሸቴን ኤሲው ይበላዋል ብዬ።

ሞተሩ ተነሳ፣ ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» አለ፣ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ፀሐይዋ ከግቢው በር በላይ ልክ ዓይናችን ውስጥ ነው የወጣችው። በየማለዳው እናቴ የግቢውን በር ከፍታ ወደ ጎን ትቆማለች፤ አባቴ ይጠይቀኛል፤ እኔ «ምንም» እላለሁ፤ እንወጣለን። በዚያ ቀንም ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተች፤ ዞር ስትል እኔን ከፊት ወንበር ላይ አየችኝ። ወደ ጎን ግን አልቆመችም። መሀል በሩ ላይ ቆመች፣ እጆቿን ዘረጋች። በአንደኛው ቦርሳዬን ይዛለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እየጮኸች ነው፤ በመስታወቱ በኩል ግን ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ነበረች፤ ድምፅ የላትም።

«ፊት ምን አለ፣ ዓይኔ?»

የሚያያት መስሎኝ ነበር። ይቺን የምታህል ሴት፣ በሩን የሞላች ሴት፣ እንዴት አትታየውም? ይኼ ጨዋታ ነው፤ በሷ ልናላግጥ ነው። ደግሞም ተናድጃለሁ። ከልማድ አፌ ላይ ነው የመጣልኝ ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ ለብዙ ሰው እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ። ዛሬ ግን ለማን እዋሻለሁ? አየኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ፣

«ምንም» አልኩ።

ነዳጁን ረገጠ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ጆንያ ከጋሪ ላይ እንደሚወድቅ ያለ ነገር ነው። አባቴ ፍሬን ያዘ። እጆቹ መሪው ላይ፣ ዓይኖቹ ፀሐይዋ ላይ እንዳሉ፣

«ምን መታሁ?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም በአንዴ ገባኝ፤ ጋሪው፣ መብራቱ፣ ሐኪሙ፣ መስታወቱ፣ የፀጉር መርፌው። ከፊቴ ያለው ቀዳዳ ቀዝቃዛውን አየር ፊቴ ላይ ይነፋል። ጎበዝ ስባል የማገኘው ሽልማት ነበር።

«እማዬን» አልኩት።

እግሯ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ለጎረቤቱም፣ ለፖሊሱም፣ «ፍሬኑ ነው፣ መኪናዋ ራሷ ተንሸራትታ ነው» አለች። ፖሊሱ በረዶን አስጠርቶ ፍሬኑን አስፈተሸው። በረዶ መኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየ፣ ወጣ፣ ቃሬዛ ላይ የተኛችውን እናቴን አያት።

«ላልቷል» አለ። ያ ሰውዬ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲዋሽ ያየሁት ለእናቴ ነው።

አባቴ ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም። ክረምት ግቢው ውስጥ በጋ ሆኖ ቀረ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የጥላውን መዞር ይከተላል። «ፊት ምን አለ?» ብሎኝ አያውቅም። ዶሮዎቹ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ፣ ያልተቀቀለ። ጋዟ ግን ማንም ሳይነካው ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። እውነትም አታፈስም ነበር።

ትምህርት ቤት? እናት አልጋ ላይ፣ አባት ጥላ ውስጥ፣ ማን ያብስል? ሰማያዊውን ዩኒፎርም ለብሼ ምድጃ ፊት ቆምኩ። እስኪጠበኝ ድረስ ሽንኩርት የከተፍኩት በሱ ነው። እናቴን ከቦታዋ አውርጄ የምቀመጥበት ዙፋን ባገኝ ምድጃው ሆነ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አነከሰች። ስለዚያች ሰኞ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችብኝም። አርጅታ እኔ ገላዋን የማጥብበት ጊዜ መጣና፣ አንድ ቀን ያንን እግር በለብ ያለ ውኃ እያሸሁ ሳለ፣ እኔው አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ያኔ... የተናገርኩትን ሰምተሽ ነበር?»

ውኃውን አየች።

«መስታወቱ ዝግ አልነበረ እንዴ?» አለችኝ።

«ዝግ ነበር።»

«ታዲያ በምን እሰማለሁ?»

«አፌን ግን አይተሻል።»

«አፍ ማየት መስማት አይደለም» አለች። እግሯን ከእጄ ሳብ አደረገች፤ «አሁን ተይው፣ ውኃው ቀዝቅዟል።»

እንግዲህ ያቺን ያህል የተዘጋ መስታወት ዕድሜ ልኬን ይዤ ኖሬአለሁ። እሷ ለኔ ብላ ዘግታዋለች፤ እኔ ልከፍተው አልደፈርኩም።

የልጅ ልጄ ትናንትም መጣ። ጋዟ ሞልቷል፣ መርፌው ልክ ነው፣ ቱቦው ያልባል፣ እያለ ይኩራራብኛል። ከፊት ተቀመጥኩለት። ግቢው በር ላይ የጎረቤት ሴት ሸክም ይዛ ቆማ ትጮሃለች፤ እሱ ማራገቢያውን ከፍ አድርጎ መስኮቱን ይዘጋል።

«እማማ፣ ብርዱ እንዳይወጣ!»

«ይውጣ» አልኩት። «አንተ መስኮቱን ክፈትና ሴትዮዋ የምትለውን ስማ።»